ከዲማ ወርቅ እስከ አዲስ አበባ ኮድ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ደመወዝ ለምን በቦታ ይለያያል?

በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአኮቦ ወንዝ ወዲህ ያለችው ዲማ ስሟ የሚነሳው በወርቋ ነው። ወርቁን የሚያወጡት ባህላዊ አምራቾች ናቸው፤ አፈሩን ቆፍረው፣ በውኃ አጥበው፣ የተገኘውን በግራም መዝነው ይሸጣሉ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ 2,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ አንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ 64 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይህን በጊዜው የባንክ ምንዛሪ፣ በ56 ብር ሂሳብ ብንመነዝረው 3,600 ብር አይሞላም። በትይዩ ገበያው፣ ዶላሩን ከ110 ብር በላይ አድርገን ብናሰላው ደግሞ 7,000 ብር ያልፋል። ብሔራዊ ባንክ ክፍተቱን ለማጥበብ ከዓለም ዋጋ በላይ ማበረታቻ እየጨመረ ይገዛ ነበር፤ ወርቁ ግን በድንበር መውጣቱን አላቆመም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ቀደም በነበረው በጀት ዓመት ለብሔራዊ ባንክ የገባው ወርቅ 4 ቶን አካባቢ ነበር። በ2017 በጀት ዓመት ከ37 ቶን በላይ ወደ ውጭ ተላከ፤ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ ቡናን በለጠ። የዓለም የወርቅ ዋጋ መወደዱ የራሱ ድርሻ አለው፤ አዳዲስ አምራቾችም ገብተውበታል። ቢሆንም የዲማም፣ የአሶሳም፣ የሽሬም አፈር በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ወርቅ አልሰጠም። ከዚህ ወርቅ ብዙው ድሮም ይወጣ የነበረ ነው። የተለወጠው ገዢውና የሚከፈልበት ምንዛሪ ነው።

ስለ ሶፍትዌር ባለሙያዎች ደመወዝ ልጽፍ ተነሥቼ ከወርቅ የጀመርኩት ሁለቱን ያገናኘው ያው የሐምሌ ውሳኔ ስለሆነ ነው። በዚያው ሳምንት አካባቢ፣ ሐምሌ 16 ቀን፣ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ይፋ አድርጎ ነበር። ወጣቱ ኮድ ይማር ተባለ፤ ስድስት ቀን ቆይቶ ደግሞ ኮድ የሚጽፈው ሰው ደመወዙን የሚቆጥርበት ገንዘብ ተለወጠ። የመጀመሪያው ዜና ብዙ ተወራለት። ሁለተኛው በባለሙያው ኪስ ላይ ያደረሰው ነገር ግን በቅጡ አልተተነተነም።

አንድ የሶፍትዌር ኢንጂነር በሳን ፍራንሲስኮ፣ በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባና በጋምቤላ የሚጽፈው ኮድ አንድ ሆኖ ሳለ ደመወዙ ለምን ይለያያል? የተለመደው መልስ የኑሮ ውድነት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ የቤት ኪራይ እሳት ነው፤ አዲስ አበባ ይሻላል፤ ጋምቤላ ደግሞ የበለጠ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ደመወዙም እንደዚያው ይሁን ይባላል። በግንቦት 2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ቢሮዎችን ሁሉ በዘጋበት ወቅት፣ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ሠራተኞቹ ከየትም ሆነው መሥራት እንደሚችሉ ሲያስታውቅ፣ ርካሽ ወደሆነ ከተማ የሚሄድ ሰው ደመወዙ እንደ ቦታው እንደሚስተካከል አብሮ ተናግሯል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የማኅበራዊ ድረ ገጹ ኩባንያ ሬዲት በአሜሪካ ውስጥ ላሉ ሠራተኞቹ የቦታ ልዩነቱን አነሣ። የሶፍትዌር ኩባንያው ቤዝካምፕ ደግሞ ሠራተኛው የትም ይኑር የት ደመወዙን የሚተምነው በሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ነው።

ከሁሉም ግልጹ ጊትላብ ነው። ቢሮ የሌለው፣ ሠራተኞቹ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ኩባንያ ሲሆን የደመወዝ ቀመሩን ለሕዝብ ያሳየ ነበር። መጀመሪያ ላይ የከተሞችን የቤት ኪራይ መለኪያ ይጠቀም ነበር። በኋላ ተወው፤ የየአካባቢውን የደመወዝ ገበያ መለኪያው አደረገ፤ የምንከፍለው እንደ ኑሮ ውድነቱ ሳይሆን እንደ ገበያው ነው ብሎም በግልጽ ጻፈ። ይህ ሐቀኛ አነጋገር ነው። የኑሮ ውድነት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ስድስት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ኢንጂነር ከላጤው የበለጠ ይከፈለው ነበር። የሚከፍለው ኩባንያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው እምቢ ቢለኝ ሌላ ማን ይገዛዋል? ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ባለሙያ እምቢ ሲል በማግሥቱ ሌላ ቀጣሪ አለው። አዲስ አበባ ያለው ጥቂት አለው። ጋምቤላ ያለው እስከ ቅርብ ጊዜ ምንም አልነበረውም። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚለው አሠራር የሚጸናው ሌላው በሬ ሠርዶው ዘንድ መድረስ እስካልቻለ ድረስ ነው።

ቦታና ደመወዝን ፍጹም ተቃራኒ በሆነ መንገድ የሚያያይዝ አሠራር እዚሁ አገራችን ውስጥ መኖሩን ብዙዎች አያስተውሉትም። የበረሃ አበል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በደረጃ አንድ ዓይነት ነው፤ ቦታው ሞቃታማና አስቸጋሪ ሲሆን አበል ይጨመርበታል። ጋምቤላ ቆላ ነውና እዚህ ውስጥ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም የሥራ ቦታዎችን በአስቸጋሪነታቸው ከኤ እስከ ኢ ይመድባሉ፤ ቦታው በከበደ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። የሶፍትዌር ኩባንያ ዲማን አይቶ እዚያ ኑሮ ርካሽ ነውና ቀንሱ ይላል፤ መንግሥት ያችኑ ዲማ አይቶ እዚያ ኑሮ ከባድ ነውና ጨምሩ ይላል። የበረሃ አበል የሚከፈለው ሰው ወደ ቦታው እንዲሄድ ስለሚፈለግ ነው፤ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያው በአካል እዚያ መገኘት አለበት። የኩባንያው የቦታ ቅናሽ የሚመጣው ደግሞ ሰውየው የትም ቢሆን ኩባንያው ግድ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ቦታ ብቻውን የደመወዝ ምክንያት አይሆንም፤ ያ ቦታ ለከፋዩ ምን ያህል ያስፈልገዋል የሚለው ነው ወሳኙ።

የወረዳው የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ጉዳይ በራሱ ጥቂት ቆም ያሰኛል። ወረዳኔት የሚባለው መረብ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከማዕከል ጋር በሳተላይት ማገናኘት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መረቡ በደረሰበት ሁሉ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተስተካከለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ከዚህ ላይ የገቢ ግብር 2,100 ብር፣ ጡረታ 805 ብር ሲነሣ በእጁ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ደመወዙ ሲስተካከል ዶላር በ140ዎቹ ይመነዘር ነበርና ይህ 60 ዶላር ገደማ ነበር። አበሉ ሲጨመርበት የተሻለ ይሆናል፤ ያም ሆኖ አንድ ደኅና ላፕቶፕ ከዓመት ደመወዙ ግማሽ በላይ ሊወስድበት ይችላል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድና የአንድ የግል ኩባንያ ባለሙያን የደመወዝ ወረቀት እንዘርጋ። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች 40,000 ብር እናድርገው። በቀድሞው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ግብሩ 12,500 ብር፣ ጡረታው 7 በመቶ ማለትም 2,800 ብር ነው፤ የተጣራው 24,700 ብር። በሐምሌ 2017 የወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር፣ የ35 በመቶውን መነሻ ደግሞ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ከፍ አደረገ። በአዲሱ ስሌት ግብሩ 11,950 ይሆናል፤ የተጣራው 25,250 ብር። ልዩነቱ 550 ብር ነው።

በዚህ መሐል ግን ብር ሌላ ብር ሆኗል። ከሐምሌ 22 በፊት 24,700 ብር በባንክ ምንዛሪ 430 ዶላር ገደማ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ምንዛሪው ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ በዓመቱ ከ130 በላይ ነበር። 25,250 ብር በ135 ሲካፈል 187 ዶላር ነው። በወረቀት ላይ ደመወዙ ከግማሽ በታች ወርዷል። ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያ 430 ዶላር ቀድሞም በእጅ አልነበረም። በ57 ብር ዶላር የሚሸጥለት ሰው ጥቂት ነበር። ላፕቶፕ አስመጪው ዕቃውን የሚተምነው በትይዩ ገበያው ነበርና ባለሙያው በላፕቶፕ ሲለካ ከሐምሌ በፊትም 215 ዶላር አካባቢ ነበር የሚያገኘው። የምንዛሪው ለውጥ ያደረገው አንድ ነገር ያንን ሐቅ በባንክ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጭማሪ ነው በእርግጥ የከበደው፦ ቀስ በቀስ የቀጠለው የብር መውረድ፣ የነዳጅ፣ የትራንስፖርት፣ የመድኃኒት መወደድ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብርን ተሻገረ።

የከፍተኛው የግብር እርከን መነሻ ጉዳይ ግን የሚያስቆጭ ነው። አዋጅ 979 በ2008 ሲወጣ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ 35 በመቶው የተዘጋጀው በእርግጥ ከፍተኛ ገቢ ላላቸው ነበር። ማሻሻያው ሲወጣ 14,000 ብር 100 ዶላር ገደማ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህ መነሻ 28 በመቶ ከፍ ሲል፣ በ2014 እና በ2015 የነበረው የዋጋ ንረት ብቻ እያንዳንዱ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የግል ኩባንያ ጀማሪ ፕሮግራመር በመጀመሪያ ወሩ ከፍተኛው የግብር እርከን ውስጥ ሊገባ ይችላል። እርከኑ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ እንዲስተካከል ሕግ ካልተበጀለት፣ ቀጣሪው ከሚጨምረው እያንዳንዱ ብር ከሲሦው በላይ የሚሄደው ወደ ግምጃ ቤት ነው። ግብር መክፈል ተገቢ ነው፤ የደሃ ገቢን የሀብታም ብሎ መቁጠር ግን ተገቢ አይደለም።

ደመወዝ ግን በዶላር ብቻ አይለካም። ከላይ ያየነው ባለሙያ የተጣራ 25 ሺህ ብር በአዲስ አበባ ምን ይገዛል የሚለው ጥያቄ አለ፤ የመግዛት አቅም ማለት ይኸው ነው። ደሃ አገር ውስጥ የፀጉር ቆራጭ፣ የልብስ ስፌት፣ የቤት ሠራተኛ፣ የሰፈር ምግብ ቤት አገልግሎት ከሀብታም አገር እጅግ ይረክሳል። ምክንያቱን ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን በ1964 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው አስረድተውታል፦ ወደ ውጭ የሚሸጥ ነገር በማምረት ጎበዝ የሆነ አገር ደመወዙ ከፍ ይላል፤ ያ ከፍታ ፀጉር ቆራጩንም ይዞት ይወጣል። በእኛ አገር የፀጉር ቆራጩ እጅ ከዋሽንግተኑ አያንስም፤ አካባቢው ነው ዋጋውን የያዘው። የዓለም ባንክ የአገሮችን ገቢ በመግዛት አቅም ሲያሰላ የኢትዮጵያ ቁጥር ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው።

ይህ ስሌት ግን ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። የሚሠራው ገቢው ባብዛኛው እዚሁ በሚመረትና በሚሠራ ነገር ላይ ለሚውል ሰው ነው። የሶፍትዌር ባለሙያ የኑሮው ግማሽ እንጀራና ኪራይ ሲሆን ሌላው ግማሽ ዶላር የሚጠይቅ ነው፦ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ በወር የሚከፈል ሰርቨር፣ የሥልጠናና የፈተና ክፍያ። ለእነዚህ ዕቃዎች አዲስ አበባ ከሳን ፍራንሲስኮ ርካሽ አይደለችም፤ ቀረጥና የአስመጪ ትርፍ ሲጨመር ትወደዳለች። በ300 ዶላር የሚኖር ሰውና በ10,000 ዶላር የሚኖር ሰው ለአንድ ዓይነት ማሽን አንድ ዓይነት ዋጋ ሲከፍሉ፣ የመግዛት አቅም ስሌቱ ያንን አይነግረንም። የእንጀራውም ጉዳይ እንደ ድሮው አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ 10,000 ብርን ሲያልፍ፣ ርካሽ ነው የተባለው የአገር ውስጥ ወገን ራሱ ከሥሩ ተናጋ።

ቤት ደግሞ የተለየ ነው። ኪራይ አገር ውስጥ የሚገኝ አገልግሎት ነውና መርከስ ነበረበት፤ የአዲስ አበባ ቤት ግን ዋጋው የሚተመነው ብዙውን ጊዜ በውጭ በሚኖረው ወገናችን ዶላር ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሲያትል የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ኢንጂነር በቁጠባው አዲስ አበባ አፓርታማ ይገዛል፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን አብሮት የተማረው፣ አዲስ አበባ የቀረው ጓደኛው በዚያው አፓርታማ ላይ በብር ሊፎካከረው አይችልም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ጭማሪን ለመቆጣጠር ሞክሯል፤ የመግዣ ዋጋውን ግን የሚያቆመው የለም። አንድ ክፍል ሆነው አብረው የተመረቁ ሁለት ልጆች ዛሬ ያላቸውን የኑሮ ልዩነት ከሙያ ችሎታ ይልቅ የሚያስረዳው አንዱ ቪዛ ማግኘቱ ነው።

ስለዚህ ልዩነት ጥሩ ጥናት አለ። ማይክል ክሌመንስ፣ ክላውዲዮ ሞንቴኔግሮና ላንት ፕሪቼት በ2008 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ዕድሜ፣ ትምህርትና ጾታ ያላቸውን፣ በአንድ አገር የተወለዱና የተማሩ ሠራተኞች በአገራቸውና በአሜሪካ የሚያገኙትን ደመወዝ አነጻጽረው ነበር፤ የዋጋ ልዩነቱንም አስተካክለው። ውጤቱ በአንዳንድ አገር 2 እጥፍ፣ በሌላው እስከ 15 እጥፍ ሆነ። ሰው አንድ ነው፤ ትምህርቱ አንድ ነው፤ የቆመበት ቦታ ብቻ ነው የተለየው። የአሜሪካ የሶፍትዌር ባለሙያ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ኪራዩን፣ ግብሩን፣ የጤና መድኅኑን፣ የልጅ መዋያውን ሁሉ ቀንሰን እንኳ የሚተርፈው ከአዲስ አበባው ሙሉ ደመወዝ ብዙ እጥፍ ነው። የዋሽንግተን ኑሮ ውድ ነው የሚለው ማጽናኛ እውነትነት ቢኖረውም ሂሳቡን አይለውጠውም።

በዶላር የሚከፈላቸው፣ ግን እዚሁ የሚኖሩ ባለሙያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ 800 ዶላር በወር ያገኛል እንበል። በአሜሪካ መለኪያ ይህ ለአፍ የማይሞላ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ ሲገባለት 45,000 ብር ገደማ ይሆን ነበር፤ በ135 ብር ሲመነዘር 108,000 ብር ነው። ከግብር በኋላ እንኳ ከ72,000 ብር በላይ ይቀረዋል፤ ከላይ ካየነው የ40,000 ብር ደመወዝተኛ የተጣራ ገቢ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ኮድ ሊጽፉ ይችላሉ። ቦታቸው አንድ፣ የኑሮ ውድነታቸው አንድ፣ ደመወዛቸው ግን የተራራቀ። ደመወዝን የሚወስነው የኑሮ ውድነት ነው የሚለውን ሐሳብ ከዚህ በላይ የሚያፈርስ ማስረጃ የለኝም።

ለዚህ ሰው የሐምሌው ለውጥ በእርግጥ በረከት ነበር። በ2014 በወጣው መመሪያ ላኪዎች ከሚያገኙት የውጭ ምንዛሪ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶውን ለባንካቸው አስረክበው 20 በመቶ ብቻ ያስቀሩ ነበር። ሶፍትዌር ወደ ውጭ የሚሸጥ ድርጅት የራሱን ሰርቨር ኪራይ ለመክፈል ዶላር ይለምን ነበር። አዲሱ መመሪያ ለብሔራዊ ባንክ ማስረከብን አስቀርቶ ላኪው እስከ ግማሹን እንዲያስቀር ፈቀደ፤ ከውጭ ደመወዝ ወይም ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎችም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍቱ በር ከፈተ። በተግባር ግን ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ራሱ ጠባብ ነው። የኦንላይን ክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕ በኢትዮጵያ አይሠራም። ብዙ ፍሪላንሰሮች ክፍያቸውን የሚቀበሉት በውጭ ባለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሂሳብ በኩል ነው። የወርቁ ኮንትሮባንድ መንገድ ጠብቦ ሳለ የኮዱ አሁንም ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም ለወርቁ የባንክ መስኮትና ሚዛን ተበጅቶለታል፣ በሰው አእምሮ ለተሠራው ሥራ ገና ነው። የወርቅ ግዢውን ያስተካከለው እጅ ይህንንም ማስተካከል ይችላል፤ የጎደለው ፍላጎት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከውጭ ቀጣሪ አንጻር ደግሞ የቦታ ትልቁ ዋጋ አደጋ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ባሕር ዳርና ጎንደር ለወራት ከመረቡ ተለያዩ። ከባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቆ እዚያው ለውጭ ደንበኛ ይሠራ የነበረ ወጣት ምርጫው ሁለት ነበር፦ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ኪራይ መክፈል ወይም ደንበኛውን ማጣት። ደንበኛው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ሥራው በቀኑ አልደረሰም። እንዲህ ያለው ነገር ከደረሰ በኋላ የሚቀጥለው ደንበኛ ለዚያ አገር ሰው የሚያቀርበው ዋጋ ይቀንሳል፤ ቅናሹን የሚከፍለው ደግሞ ኢንተርኔቱን ያልዘጋው ልጅ ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የልማት ማዕከሉን ናይሮቢና ሌጎስ ላይ ሲከፍት አዲስ አበባ ያልተመረጠችበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ የነበረ ቴሌኮም ግን ከመለኪያው ውስጥ አልነበረም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ነው።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ ጥያቄው ይጠብቃል። ሩቅ ስለሆነ ርካሽ ነው የሚባለው ቦታ ርካሽ የሚሆነው እዚያው በሚገኝ ነገር ብቻ ነው፦ ዓሣው፣ ማንጎው፣ በቆሎው፣ የጭቃ ቤቱ ኪራይ። ነዳጅ ከጅቡቲ በራቀ ቁጥር የመንግሥት ዋጋው ራሱ ከፍ ይላል፤ ማደያ በሌለበት በጠርሙስ ሲሸጥ ደግሞ ሌላ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም መደበኛ የዳታ ጥቅል ዋጋ ቦሌም ዲማም አንድ ነው፤ የሚያገኙት ፍጥነትና መቆራረጥ ግን አንድ አይደለም። ላፕቶፑ ቢበላሽ ሚዛን አማን ወይም ከዚያ አልፎ መሄድ አለበት። ወርቅ ያለበት ከተማ ሌላም ጣጣ አለው፤ የወርቅ ገንዘብ ሲገባ የምግቡም የአልጋውም ዋጋ ከአካባቢው ይወደዳል፣ ደመወዝተኛውም ከወርቅ አምራቹ ጋር በአንድ ገበያ ይገዛል። ስለዚህ ለዲማው ባለሙያ ኑሮህ ርካሽ ነውና ትንሽ ይበቃሃል የሚለው ሰው ዲማን አያውቃትም።

ጋምቤላ ግን ሁልጊዜ ዳር አልነበረችም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል የንግድ ጣቢያ ሆና፣ በባሮ ወንዝ የሚመላለሱት የእንፋሎት ጀልባዎች የኢሉባቦርን ቡና ወደ ሱዳን ያወርዱ ነበር። ያ ቡና ዋጋ ያገኘው ጀልባው ሲደርስለት ነው። ዛሬም ክልሉ ዶላር የሚከፍል ገዢ በደጁ አለው፤ ያንን ገዢ አለማስተዋላችን ይገርመኛል። ጋምቤላ ከ350 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ታስተናግዳለች። ኩሌ፣ ትርክዲ፣ ጀዊ፣ ንጉኝኤል የሚባሉ መጠለያዎች አሉ፤ ዲማ ወረዳ ውስጥም ኦኩጎ አለ። እነዚህ መጠለያዎች የሚተዳደሩት በመረጃ ሥርዓት ነው፦ የምዝገባ፣ የራሽን፣ የክትባት፣ የትምህርት ቤት። ሥርዓቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ጄኔቫ፣ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአሜሪካ የእርዳታ መቋረጥ ወዲህ የድርጅቶቹ በጀት ተመናምኗል፤ ይህ ራሱ ከሩቅ የሚገዛውን ውድ ሥራ በቅርብ ወዳለ ሰው ለማዞር ምክንያት ሊሆን ይገባል።

እዚህ ላይ የጋምቤላው ልጅ ከሳን ፍራንሲስኮው የሚበልጥበት ነገር አለው። አኝዋኛና ኑዌርኛ ይናገራል፤ የስም አጻጻፉን፣ የጎሳውን አቆጣጠር፣ በክረምት የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ ያውቃል። በአኝዋኛና በኑዌርኛ የሚሠራ የምዝገባ ወይም የጤና መተግበሪያ መጻፍ የሚችል ሰው በዓለም ላይ ስንት አለ? ተፎካካሪው ጥቂት በሆነበት ሥራ ዋጋ የሚተምነው ሻጩ ነው። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የቴፒ ግቢ ተማሪዎቻቸውን ለአዲስ አበባ ቢሮ ብቻ የሚያዘጋጁ ከሆነ፣ ምሩቁ እዚያ ሲደርስ ከሺዎች አንዱ ይሆናል። ለመመረቂያ የሚሠሩት ፕሮጀክት ከእነዚህ መጠለያዎችና ከወረዳ ጤና ጣቢያዎች ጋር ተያይዞ ቢሰጣቸው፣ የክልሉ መንግሥትም ሶፍትዌር ሲገዛ በጨረታው ላይ ለአካባቢው ባለሙያ ነጥብ ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ከእግራቸው ሥር ይገኛል። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ደንበኛ ግን አይሰጥም፤ ያንን ክፍተት በጋምቤላ ሊሞሉ የሚችሉት እነዚህ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችና የክልሉ ገንዘብ ቢሮ ናቸው፤ ለመጀመርም አዲስ አዋጅ አያስፈልጋቸውም።